ጥያቄና መልስ፦ የቤተሰብ ጸሎት ለምን ቶሎ ይቋረጣል?

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ከልጆቻችን ጋር መጸለይ ስንት ጊዜ ጀምረን ሳንዘልቅበት ቀርተናል። ትልቁ 12፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይም ይሰለቻሉ፤ ወደ ደጅ እየወጡ ይጫወታሉ። ምን ይሻለናል?
የልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጸሎቱን የሚያስቀረው የፍላጎት ማነስ አይደለም፤ ርዝመቱና ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ዳዊት (መዝሙረ ዳዊት) እና መልክዕ (ለቅዱሳን የሚደርስ የምስጋና ግጥም) ሁሉ ይደረደራል። በሦስተኛው ቀን ትንሿ ቆማ ታንቀላፋለች፣ አባት ከሥራ ያመሻል፣ በዚያው ይቀራል።

ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ትተው ነግህንና ሠርክን (የጠዋቱንና የማታውን) ብቻ ይያዙ። የማታው ከእራት በፊት ይሁን፤ ከጠገቡ በኋላ እንቅልፍ ያሸንፋል። ከ10 ደቂቃ አይለፍ። አባት ቢዘገይ አይጠብቁት፣ ሲደርስ ይቀላቀላል። ጫማ አውልቃችሁ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፣ አማትቡ፤ አቡነ ዘበሰማያትን፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ከዚያም አንድ መዝሙር ከዳዊት። የመጀመሪያዎቹን በግእዝ ቃል በቃል ይያዟቸው፤ ዳዊቱን ግን እንዲገባቸው በአማርኛ ያንብቡ።

ዳዊት «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች የተከፈለ ነው፣ እያንዳንዱ 10 መዝሙር። አዘውታሪዎች ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ሁለት ሁለት እያሉ በሳምንት ይጨርሱታል። ለእናንተ በቀን አንድ መዝሙር ይበቃል። መዝሙር 118 ላይ ስትደርሱ እንዳትሰናከሉ፤ 176 ቁጥር ስላለው ባለ ስምንት ስምንት ቁጥር 22 ክፍሎቹን በቀን አንድ አንድ አንብቡ። በዚህ አካሄድ ስድስት ወር ሳይሞላ ዳዊት ያልቃል። ትልቁ ልጅ ያንብብ፣ ትንሿ የሥዕሉን መጋረጃ ትግለጥ። ጧፉን ዐዋቂ ያብራ፤ ዕጣን ማጠን ግን የካህን ድርሻ ነው።

ቅዳሴው ላይ መሰልቸታቸው የሚያስገርም አይደለም። ምን እንደሚባል ሳያውቅ ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ መቆም ለማንም ይከብዳል። መፍትሔው የሕዝቡን ተሰጥዎ (ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰውን) ማስጠናት ነው፣ በሳምንት አንድ ብቻ። «ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል «ምስለ መንፈስከ»፣ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል «ርቱዕ ይደሉ»። ቅዳሜ ማታ እርስዎ እንደ ካህኑ ይበሉ፣ ልጆቹ ይመልሱ። እሑድ ያችን ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው ይነቃል፤ ይህን ያህል የሚረዳ ሌላ ዘዴ የለም ብለን እናምናለን። ትንሿ መውጣት ካስፈለጋት አብረዋት ወጥተው ወንጌል ሳይነበብ ይመለሱ። ደግሞም ልጆቹን ከቅዱስ ቁርባን አያርቋቸው፤ ዝግጅቱን የንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ረቡዕና ዓርብ ልጹም ይላል። ትምህርት ቤት ይውላልና እንዴት ላድርግ?
አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ደስ ይበልዎ፣ አይከልክሉት። በተለምዶ ልጆች ከ7 ዓመት ጀምሮ ጾም ይለማመዳሉ። መጀመሪያ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ብቻ ይተው፤ ሰዓት ማቆየቱን ቀስ ብለው፣ ትምህርት በሌለበት ቀን ቁርሱን በማዘግየት ይጀምሩለት። ከታመመ ወይም መድኃኒት ከወሰደ ይብላ። በበዓለ ሃምሳ (ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት) ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ልደትና ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ሲውሉም እንዲሁ። ብዙ ልጆች ሳያውቁ የሚገድፉት በብስኩት ነው፤ ወተት ያለበት ብዙ ነውና ከመግዛትዎ በፊት ማሸጊያውን ያንብቡ። ምሳ ዕቃው ውስጥ ሽሮ ፍርፍር ወይም ድንችና ዳቦ ይያዝለት፤ ጓደኞቹ ሲያካፍሉት ምን ብሎ እንደሚመልስም አስቀድመው ያስጠኑት።