ጊታር ዝዝ ሲል፦ ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ ጋሼ፣ ጊታሬን ከሐረር ካወረድኩ አንድ ወር ሆነኝ። እዚያ ደህና ነበር፤ እዚህ ግን ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተሰካው አግድም ብረት) ድረስ ዝዝ ይላል። ፍሬቱ ተበልቶ ነው?

መልስ፦ ፍሬት በአንድ ወር አይበላም፤ አንገቱን ጠርጥር። የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ስትወርድ ከ1,900 ሜትር ከፍታ አካባቢ ወደ 1,200 ነው የምትገባው፣ ሙቀቱና ድርቀቱ ሌላ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፤ የፊት ጣውላው ይሰረጉዳል፣ አንገቱም ወደ ኋላ ይቀናል፣ ክሩ ፍሬቱ ላይ ይተኛል።

መጀመሪያ በደንብ ቃኘው። 6ኛውን ክር (ወፍራሙን) በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው 14ኛው ላይ ተጫን። ክሩ ማስመሪያ ሆነልህ ማለት ነው። አሁን 7ኛው ፍሬት አናት ላይ እይ፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚያሾልክ ክፍተት ያስፈልጋል። ክሩ ከፍሬቱ ጋር ከተጣበቀ ምክንያቱን አገኘኸው።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ተጣብቋል! ምን ላድርግ?

መልስ፦ አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ አለ። መፍቻው የሚገባው ወይ በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ ነው፣ ወይ የጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት) ላይ ካለችው ትንሽ ክዳን ስር። አለን ቁልፉ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻው) እንደ ሥሪቱ 4 ወይም 5 ሚሊ ይሆናል። ልል ቁልፍ እንዳትጠቀም፤ ጠርዙን ከበላው መዘዙ ብዙ ነው። ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሩብ ዙር ብቻ አላላ፣ እንደገና ቃኝ፣ በማግስቱ ለካ። ካልበቃ ሌላ ሩብ። እምቢ ካለህ አታስገድደው። የናይለን ክር ያላቸው ብዙዎቹ ጊታሮች ይህ ዘንግ የላቸውም።

ከዚያ እርጥበቱን መልስለት። የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ውሃው የተጨመቀ ስፖንጅ አድርገህ ኬዙ ውስጥ አስቀምጥ፣ እንጨቱን አይንካ። ጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። የድሬን ቆርቆሮ ጣሪያ እያወቅክ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ አትተወው እንጂ።

ጥያቄ (ከጀጎል)፦ 3ኛው ክር ሳይያዝ ሲመታ ብቻ ነው የሚንጫጫው። ከያዝኩት ጥርት ይላል።

መልስ፦ ነቱ ነው እህቴ፣ ራሱ ስር ያለችው አጥንት። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኚና 1ኛው ፍሬት አናት ላይ እዪ፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ከሌለ ነቱ ላይ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ጠልቋል። ለጊዜው ቦዩ ውስጥ ከክሩ ስር ቀጭን ወረቀት አስገቢ። ለዘለቄታው የአጥንት ብናኝ ቦዩ ውስጥ ሞልተሽ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ፣ ሲደርቅ ወደ ራሱ በኩል ዘቅዘቅ አድርጎ በቀጭን ሞረድ መልሶ መክፈት።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ 2ኛው ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ብቻ። አቦ፣ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው!

መልስ፦ 5ኛውን አትንካ፣ ጥፋተኛው 6ኛው ነው። የባንክ ካርድ ጠርዝ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ላይ በአንድ ጊዜ አቁም፤ ከተንገዳገደ 6ኛው ተነስቷል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያልክ ምታው። ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ከስሩ ቀጭን ሱፐር ግሉ አስገብተህ ጫን። ያም ካልሠራ ግራና ቀኙን በቴፕ ሸፍነህ አናቱን መሞረድ ይቀራል፤ ከዚያ 400፣ 600፣ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት።

ጥያቄ፦ በክረምት ክሩ ከፍ ስላለብኝ ሳድሉን (ክሩ ከታች በኩል የሚያርፍበትን አጥንት) አስሞርጄው ነበር። አሁን በበጋ ሁሉም ቦታ ይጮሃል።

መልስ፦ በክረምት ጣውላው ያብጣል፣ ክሩም ይነሳል፤ ያኔ የተሞረደ ሳድል በበጋ ያጥራል። አዲስ አስገባ። 12ኛው ፍሬት አናት ላይ የክሩ ክፍተት ለወፍራሙ ክር 2.4፣ ለቀጭኑ 1.8 ሚሊ ይበቃል። እዚያ በግማሽ ሚሊ ከፍ እንዲል ሳድሉ በ1 ሚሊ መነሳት አለበት።

ጥያቄ፦ ለዘፋኛችን ድምፅ ብዬ ሁሉንም ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ነው የምቃኘው። እሱስ?

መልስ፦ የላላ ክር ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፣ ፍሬት ይነካል። ውፍረቱ በ10 (በ0.010 ኢንች) የሚጀምረውን ክር ትተህ በ12 ወይም በ13 በሚጀምረው ቀይር።

ጥያቄ፦ የትም ብይዘው ዝዝ የሚል ካለስ?

መልስ፦ የመቃኛዎቹን ብሎኖች በጣትህ ነካካ፣ ከውስጥ የተንጠለጠለ የፒካፕ (የድምፅ ማንሻ) ሽቦ ካለ በቴፕ ያዘው፣ ብሪጁን (ሳድሉን የያዘውን እንጨት) ፈትሽ። በገና ላይ ይህን ድምፅ ለማምጣት ሆን ተብሎ ከክሩ ስር ቆዳ ይገባል፤ ጊታር ላይ ግን የላላች አንዲት ብሎን ትበቃለች።