ሰልጣኝ ነኝ ወይስ መምህር?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በደብረ ብርሃን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሰልጣኝ ነኝ። ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት፣ በአንኮበር አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት ልጆቹ «ቲቸር» ሲሉኝ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስለኛል። ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ብቻ አስተምሩ ተብለናል፤ አማካሪ መምህሬ ግን የክፍለ ጊዜውን እኩሌታ በአማርኛ ያስረዳሉ። አነጋገሬም እንደ ቋንቋው ተወላጆች ስላልሆነ አፌ ይተሳሰራል። መምህር ነኝ የምለው መቼ ነው?

መልስ፦ ዲፕሎማው ይህን ስሜት ይዞልዎ አይመጣም። ስሜቱ የሚያድገው ክፍል ውስጥ የወሰኑትን ነገር ለምን እንደወሰኑት ማስረዳት በቻሉ ቁጥር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ማኅበረሰብ ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 እ.ኤ.አ. እንዳመለከቱት፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪያጠናቅቅ ድረስ 13,000 ያህል ሰዓታት ከመምህራን ፊት ያሳልፋል፤ ሆኖም የሚያየው ሰሌዳው ፊት የሚሠራውን እንጂ መምህሩ በልባቸው ያመዛዘኑትን አይደለም። ስለዚህ ሳያስቡት የልጅነት መምህርዎን ድምፅና ቁጣ ይዘው ቢገኙ አይደንግጡ፤ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ግን ራስዎ ይምረጡ።

ስለ አማርኛው፣ ኮሌጁንም ሆነ አማካሪዎን በጭፍን መከተል አያዋጣም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ያደረገ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ልጆቹ የሚማሩት በዚሁ ቋንቋ ነውና፣ ክፍለ ጊዜው በአማርኛ ካለቀ ዕዳው 9ኛ ክፍል ላይ ይጠብቃቸዋል። በአንጻሩ የከበደን የሰዋስው ነጥብ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፈትቶ ቀሪውን ጊዜ ለልምምድ ማዋል የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

አነጋገርዎን በተመለከተ የተሳሳተ ሚዛን ላይ ወጥተዋል ብዬ አምናለሁ። ልጁ ስኩል ለማለት «እስኩል» ሲል፣ ወይም ግሡን እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ያውቃሉ፤ እርስዎም በዚያው አልፈዋልና። ለንደን ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን በጥናት ካልሆነ አያገኘውም። (አነጋገርን ማሻሻሉ አይቅር፤ የእንግሊዝኛ ሬዲዮ ማዳመጥ ማንንም አልጎዳም።)

በልምምድ ማስታወሻዎ ላይ «ትምህርቱ ጥሩ ነበር» ብሎ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። ከየክፍለ ጊዜው አንዲት ውሳኔ መርጠው ምክንያቷን ይጻፉ፤ ለምሳሌ ያቺን ልጅ ለምን ወዲያው እንዳላረሟት። አማካሪዎንም «መምህር፣ እዚህ ላይ ወደ አማርኛ የዞሩት ለምንድን ነው?» ብለው በአክብሮት ይጠይቋቸው፤ በግምገማ ቅጹ ላይ ከሚሞሉልዎ ነጥብ ይልቅ መልሳቸው ይጠቅምዎታል።