ረድፉ ተርፎ ሙዚቃው እንዳይጠፋ

ልጆቼ፣ ባለ 12 ድምፅ የፒያኖ ሥራዎችን ለክላሲካል ጊታር ማቀናበር የጀመራችሁ ወጣቶች ቅንብራችሁን ስታሳዩኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ «ረድፉ ትክክል ነው ወይ?» ትላላችሁ። ረድፍ ማለት አሥራ ሁለቱም ድምፆች አንዱም ሳይደገም የሚሰለፉበት፣ ሥራው የሚገነባበት ተራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ቆጥራችሁ፣ ደግማችሁ ቆጥራችሁ፣ አንድም ድምፅ ሳታስቀሩ ነው የምታመጡት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ረድፉ ከነሙሉ ክብሩ ተሻግሮ ሙዚቃው ግን ፒያኖው ላይ የቀረበት ቅንብር ብዙ አይቻለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሾንበርግ ባበጀው በዚህ ባለ 12 ድምፅ ሥልት ውስጥ ዶ የትኛውም ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው እርከን) ላይ ቢመታ ለረድፉ ያው ዶ ነው። (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ስል የፒያኖውን ቋሚ ስሞች ማለቴ ነው።) ይህ ለአቀናባሪ ክፉ ፈተና ነው። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ ባለ 19 ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከለሉት የጣት ቦታዎች) ጊታር ደግሞ ከስድስተኛው፣ ከወፍራሙ ክር ሚ ተነስቶ አንደኛው ክር የመጨረሻ ፍሬት ላይ ሲ እስኪደርስ 44 ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ያልተመቻችሁን ድምፅ ሁሉ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብታሽቀነጥሩት ረድፉ አይከሳችሁም። ስለዚህ እጃችሁ ይለምዳል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርሱ ደራሲው እያንዳንዱን ድምፅ ለምን እዚያ ቦታ እንዳስቀመጠው መጠየቅ ትታችኋል።

የሾንበርግን የፒያኖ ሥራ፣ ኦፑስ (የሥራ ቁጥር) 33ኤ እንይ። የመጀመሪያው ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ ሲ፣ ዶ፣ ፋ እና ሲ ፍላት (ከሲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ናቸው። እነዚህን ከታች ወደ ላይ በዚሁ ተራ፣ ከመሃለኛው ዶ አጠገብ ጊታር ላይ ለመያዝ ሞክሩ። ሲ አራተኛው ክር 9ኛ ፍሬት፣ ዶ ሦስተኛው ክር 5ኛ ፍሬት፣ ፋ ሁለተኛው ክር 6ኛ ፍሬት፣ ሲ ፍላት አንደኛው ክር 6ኛ ፍሬት ላይ ይወድቃሉ። ሌባ ጣት 5ኛው ላይ ተቸንክራ ትንሿ ጣት 9ኛው ድረስ መዘርጋት አለባት። ጥፋተኞቹ ሲና ዶ ናቸው። ጎረቤት ክሮች በአምስት ግማሽ ድምፅ ስለሚራራቁ (አንድ ፍሬት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው)፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ወደ አንድ ግማሽ ድምፅ ለማውረድ ታችኛውን ክር አራት ፍሬት ቀድሞ መያዝ ግድ ነው። ሦስተኛውና ሁለተኛው ክር መካከል ብቻ አንድ ፍሬት ይቀልላል።

አሁን ሲን አንድ ኦክታቭ አውርዱና ስድስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ አኑሩት። እጃችሁ ወዲያው ይሰበሰባል። ረድፉም አልተነካም። ግን በሲና በዶ መካከል የነበረው ያ ጥብቅ ንክሻ ተከፍቶ ሰፊ ሆኗል። ይፈቀዳል ወይ? እኔ እፈቅዳለሁ፤ ግን በዘፈቀደ አይሆንም። እዚህ ሥራ ውስጥ ለመጀመሪያው ባር (ኖታው ላይ በመስመር የተከለለው ክፍል) ሦስት ኮርዶች ሁለተኛው ባር በሦስት ኮርዶች ይመልስላቸዋል፤ መልሱም ተገልብጦና ከኋላ ወደ ፊት ስለሚመጣ የመጀመሪያው ኮርድ አቻ ሁለተኛው ባር መጨረሻ ላይ ነው ያለው። አንዱን ከከፈታችሁ አቻውንም ክፈቱ። ኮርዱ በኋላ ሲመለስም እንደዚያው አድርጉ። አድማጭ ደንቡን በቃል ባያውቀውም ጆሮው ያውቀዋል፤ አንድ ቦታ የተከፈተው ሌላ ቦታ ተዘግቶ ሲመጣ ዝምድናው ይጠፋበታል።

ኦክታቭ ማዛወር ጨርሶ የማይሆንበት ሥራም አለ። የሾንበርግ ተማሪ የነበረው ዌበርን እ.ኤ.አ. በ1936 የጨረሰው የፒያኖ ቫሪዬሽንስ፣ ኦፑስ 27፣ ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ያለ ነው። አጭር ነው፤ ሁለቱ እጆች እየተሻገሩ ይጫወቱታል። ሙሉው ክፍል ከመሃለኛው ዶ በላይ ባለው ላ ዙሪያ እንደ መስታወት የተገጠመ ነው፤ አንዱ ድምፅ ከላ በላይ የቱንም ያህል ቢርቅ ጥንዱ ከላ በታች የዚያኑ ያህል ይርቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ከታች ሲ ፍላት፣ ከላይ ሶል ሻርፕ (ከሶል ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው)፣ ከላ እኩል አሥራ አንድ አሥራ አንድ ግማሽ ድምፅ ይርቃሉ። ጊታር ላይ ላ አንደኛው ክር 5ኛ ፍሬት ነው፤ ሲ ፍላት ሦስተኛው ክር 3ኛ፣ ሶል ሻርፕ አንደኛው ክር 16ኛ ፍሬት ላይ ይገኛሉ። መነሻው ደስ ይላል።

ደስታው ግን እዚያው ያበቃል። ከዚያ ላ በላይ ጊታር 14 ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የቀረው። መስታወቱ ይጠበቅ ካልን ከታችም ከ14 በላይ መውረድ አንችልም፤ ያ ማለት ክፍቱ (በጣት ሳይያዝ የሚመታው) ሦስተኛ ክር ላይ መቆም ነው። ሦስቱ የባስ ክሮች ሥራ ፈት ይሆናሉ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችሁ የተረፈውን ድምፅ ወደሚመች ኦክታቭ የምትወረውሩት። ረድፉ ይድናል፣ መስታወቱ ይደቅቃል። የዌበርን ሙዚቃ ደግሞ መስታወቱ ነው።

የእኔ መንገድ ይኸውላችሁ። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት በጣም የተራራቁትን ጥንድ ፈልጉና ከላ ያላቸውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ሥራውን በሙሉ በአንድ ላይ አዛውራችሁ እምብርቱን ላ መሆኑ ቀርቶ ከሥሩ ያለው ሬ አድርጉት፤ ሁለተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ማለት ነው። ከዚያ ሬ በላይ 21፣ በታች ደግሞ 22 ግማሽ ድምፅ አላችሁ። ጊታር ለመስታወት ከዚህ የተሻለ መሃል የለውም። የሰፊው ጥንድ ርቀት ከ21 ካለፈ ያንን ክፍል ተዉት፤ ሌላ ሥራ ፈልጉ። «ሁለት ጊታር ብናደርገውስ?» የሚል አይጠፋም። ሁለተኛ ጊታር እጅ ይጨምራል እንጂ ስፋት አይጨምርም።

ከተሳካላችሁ ግን አንድ ስጦታ አለ። ዌበርን እምብርቱን ድምፅ በሁለቱ እጆች ተራ በተራ ያስመታዋል። ፒያኖ ላይ ሁለቱም እጆች የሚያገኙት ያንኑ አንድ ቁልፍ ነው። ጊታር ላይ ሬን መጀመሪያ ሁለተኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ ቀጥሎ ሦስተኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ብትይዙት ከፍታው ያው ሆኖ ቀለሙ ይለያያል፤ ሁለት እጅ መሆኑ ይሰማል። ፒያኖው የማይችለውን ጊታር የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን አሳዱ።

ሥራን በሙሉ ማዛወርን ካነሳን አይቀር፣ ከቶናል ሙዚቃ (አንድ ድምፅ ማዕከል ሆኖ ከሚገዛው ሙዚቃ) የተማራችሁት ልማድ እዚህ ብዙም አይረዳችሁም። እዚያ ክፍት ክሮች የሚበዙበትን ማዕከል ድምፅ ትመርጣላችሁ። እዚህ አሥራ ሁለቱም ድምፆች በየተራ ስለሚመጡ የትም ብትሄዱ ክፍት ክር የሚያገኙት ድምፆች ቁጥር አይለወጥም። የሚለወጠው የትኛው ድምፅ በየትኛው ሰዓት ክፍት ክር ላይ እንደሚውል ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌው ሾንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1923 የጻፈው ስዊት፣ ኦፑስ 25 ነው። እዚያ የተጠቀመባቸው የረድፉ መልኮች ሁሉ በሚ ወይም በሲ ፍላት ይጀምራሉ ወይም ያበቃሉ፤ ሶልና ሬ ፍላትም በሁሉም ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሙዜት በተባለው ክፍል ሶል ሳያቋርጥ እየተመላለሰ እንደ ድሮን (ሳይለወጥ እንደሚዘልቅ ድምፅ) ይቆማል። ሶል ደግሞ የጊታር ክፍት ሦስተኛ ክር ነው። ይህን ክፍል ምንም ምክንያት ቢኖራችሁ አታዛውሩት።

ሌላ ቦታ ግን ክፍት ክርን ጠርጥሩት። ሚ፣ ላና ሬ ሲመቱ የባስ ክሮቹ አብረው ይርገበገባሉ፤ ሚ ፍላትና ላ ፍላት ይህን ድጋፍ አያገኙም። ሥልቱ አንድ ድምፅ በሌላው ላይ እንዳይነግሥ የተበጀ ሆኖ ሳለ ጊታሩ ራሱ ሦስት ንጉሦች ይሾምበታል። አንዳንዴ ክፍቱን ሚ ትቶ በሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት መያዝ ይሻላል፤ ለጣት ቢከብድም ለጆሮ ሚዛን ይጠብቃል። ዕረፍትም እንዲሁ ነው። ፒያኒስት ጣቱን ሲያነሳ ድምፁ ይቆማል፤ ክፍት ክር ግን የሚያፍነው ከሌለ ዕረፍቱን ሞልቶ ያልፋል። ስለዚህ ኖታው ላይ የትኛው ክር መቼ እንደሚታፈን ጻፉ። ለተጫዋቹ ውሳኔ ብላችሁ አትተዉት።

ለጀማሪ አንድ ተራ ነገር ልጨምር፦ የጊታር ኖታ ከሚሰማው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ነው የሚጻፈው። የፒያኖውን ኖታ እንዳለ ከገለበጣችሁ ሳታስቡት ሁሉንም አንድ ኦክታቭ አውርዳችኋል።

እነዚህ ደራሲዎች ጊታርን የማያውቁት አልነበሩም። ሾንበርግ ሰሬናዱ፣ ኦፑስ 24 ውስጥ ጊታርና ማንዶሊን አስገብቷል። ዌበርን እ.ኤ.አ. በ1925 የጻፋቸው የኦፑስ 18 ሦስት ዘፈኖች ለዘፋኝ፣ ለክላርኔትና ለጊታር ናቸው። ሌላው የባለ 12 ድምፅ ደራሲ ኤርንስት ክሬኔክም እ.ኤ.አ. በ1957 ለብቸኛ ጊታር ስዊት ጽፏል። ከማቀናበራችሁ በፊት የእነዚህን የጊታር ክፍል በጣታችሁ እለፉበት፤ የትኛውን ኮርድ እንደመረጡ፣ ስንት ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዳስያዙ እዩ። ከእኔ ምክር በላይ ይጠቅማችኋል።

የባለቤትነት መብቱንም ቀድማችሁ አጣሩ። ዌበርን እ.ኤ.አ. በ1945፣ ሾንበርግ በ1951 ስላረፉ፣ ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላ 70 ዓመት በሆነባቸው አገሮች ሥራዎቻቸው ነፃ ሆነዋል፤ ሌላ ዓይነት አቆጣጠር ያላቸው አገሮችም ስላሉ የየአገራችሁን ሕግ ተመልከቱ። ጣሊያናዊው የባለ 12 ድምፅ ደራሲ ዳላፒኮላ ግን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ለልጁ ለአናሊቤራ በ1952 የጻፈውን የፒያኖ ሥራ ለማቀናበር የሚያምራችሁ ካላችሁ ለአሳታሚው ጻፉና መልስ ጠብቁ። ፈቃድ አግኝታችሁ ስታሳትሙ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የትኛውን ድምፅ፣ በስንተኛው ባር፣ ወደ የትኛው ኦክታቭ እንዳዛወራችሁ ዘርዝሩ፤ ተጫዋቹ የፒያኖውን ኖታ አጠገቡ ዘርግቶ እንዲያመሳክርበት።