የአውራ ጣት ድጋፍ መሥራት ዲግሪ ማባከን አይደለም

እኅቴ፣ ከድሬዳዋ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። በፊዚዮቴራፒ ተመርቀሽ በአንድ የግል ክሊኒክ በኮንትራት እንደምትሠሪ፣ የአውራ ጣታቸው ሥር በአርትራይተስ ለሚያማቸው እናቶች ስፕሊንት የሚባለውን ድጋፍ በእጃቸው ልክ መሥራት እንደጀመርሽና ይህንኑ ዋና ሙያሽ ልታደርጊው እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። አባትሽ ግን «ዲግሪ ይዘሽ ፕላስቲክ ልትቆርጪ ነው?» እያሉ ባንክ እንድታመለክቺ ይወተውቱሻል፤ ሥራው ገንዘብ እንደማያስገኝ እየነገሩም የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ ብቻሽን እንድትችይ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ልሂድ ወይ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ከጥያቄዎችሽ ሁሉ አባትሽ ስለ ዲግሪሽ ባሉት ላይ እቆያለሁ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ስም እየሰጠ ያገለለው አስተሳሰብ ስንቱን ጎበዝ ልጅ ከሚወደው ሥራ እንዳራቀ፣ ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ባስተማርኩበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ በዓይኔ አይቻለሁ። ያው አስተሳሰብ ዛሬ የተማረውን ሰው ከመሣሪያ አርቆ ከወንበር ጋር ያስረዋል፤ አባትሽን ባከብራቸውም በዚህ ተሳስተዋል።

አንድን ነገር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠን ስንይዝ በአውራ ጣቱ ሥር መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ካለው 12 እጥፍ ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። በሐረር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጨርቅ ሲይዝ የሚውለው ልብስ ሰፊም ሆነ ወስፌ ጨብጣ ሞሰብ የምትሰፋ እናት ይህን ጫና በየቀኑ ይሸከማሉ። ድጋፉ ያለቀውን ልስልስ አጥንት አይመልስም፤ መገጣጠሚያውን አጽንቶ ሕመሙን ይቀንሳል፣ ቀዶ ሕክምና ከመታሰቡ በፊትም ይሞከራል። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ለዚህ መገጣጠሚያ ድጋፍን አጥብቆ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ፣ 112 ሕሙማን በተሳተፉበት የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ በልክ የተሠራ የሌሊት ድጋፍ በመጀመሪያው ወር ልዩነት ሳያሳይ በ12ኛው ወር ሕመምን ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ታካሚዋ ተስፋ ቆርጣ እንዳትጥለው የሚከታተላት ባለሙያ ያስፈልጋታል።

አባትሽ መቁረጡን እንጂ ከዚያ በኋላ ያለውን አላዩም። ቴርሞፕላስቲኩን ከ65 እስከ 70 ዲግሪ በሞቀ ውኃ አለስልሰሽ በታካሚዋ እጅ ላይ ስታሳርፊው ቅርጽ የምትሰጪበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አውራ ጣቷ ብርጭቆ የያዘች ያህል ከመዳፏ ርቆ መቆየቱን፣ ሌባ ጣቷ ጫፉን መንካት መቻሉን፣ የመዳፏ እጥፋቶች አለመሸፈናቸውን፣ ጠርዙም በእጅ አንጓዋ ጎን ያለውን ነርቭ አለመጫኑን ማየት አለብሽ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አድርጋው ስታወልቀው የቀረው ቅላት ቶሎ ካልጠፋ ጠርዙ እንደገና ይስተካከላል። ይህን ሁሉ የሚያየው ዓይን በዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ ዓይን ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ቆዳ ስለሚልጥ ቀዳዳ ያለውን ዓይነት ምረጪ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ድጋፍ ሊጣመም እንደሚችልም ለታካሚዎችሽ ንገሪያቸው።

ስለ ገንዘብ ያነሱት ግን ባዶ ስጋት አይደለም። ቁሱ ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው፤ የአውራ ጣት ሕመም ብቻውንም ቤት አያቆምም። ስለዚህ ኮንትራትሽን ሳትለቂ ሥራሽን ወደ እጅ ስብራት፣ የእጅ ቃጠሎና በእጅ አንጓ ላይ ወደሚታፈን ነርቭ አስፊው። የወንድምሽን የኮሌጅ ክፍያ ብቻሽን ቻይ መባሉ ግን ተገቢ አይደለም። በየወሩ የምትሰጪውን ቁርጥ አድርገሽ ለአባትሽ ንገሪያቸው፤ በወንድምሽ ክፍያ ምክንያት ሙያሽን አትቀይሪ።

አዲስ አበባ መሄድ አሁን አያስፈልግሽም። ሁለተኛ ዲግሪውም ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ይደርሳል። እንግሊዝኛሽ የሙያ መመሪያ ለማንበብ ከበቃ ይበቃል።

ከዛሬ ጀምረሽ ለእያንዳንዷ ታካሚ ከድጋፉ በፊትና በኋላ ሕመሟን ከ10 ስንት እንደምትሰጠው፣ የጠርሙስ ክዳን መክፈት መቻሏንና ድጋፉን በቀን ስንት ሰዓት እንዳደረገችው መዝግቢ። ሦስት ወር ሲሞላ መዝገብሽንና የሠራሻቸውን ናሙናዎች ይዘሽ በድል ጮራና በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞችን አነጋግሪ፤ ታካሚ እንዲልኩልሽም በግልጽ ጠይቂያቸው።