የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዲአርሲን ዝም ለማሰኘት ክሊራንስ መቀነስ

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ሌየር (የመዳብ ንብርብር) የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ እየሠራሁ ነው። የማይክሮኮንትሮለሩ ፒኖች ከመሃል እስከ መሃል 0.5 ሚ.ሜ. ይራራቃሉ፤ 3 አምፒር የሚሸከም የኃይል መስመርም አለኝ። ክሊራንሱን (በመዳብ ክፍሎች መካከል ሊኖር የሚገባውን ዝቅተኛ ክፍተት) ለመላው ቦርድ 0.25 ሚ.ሜ. አድርጌ ስጨርስ ዲአርሲ (የንድፍ ደንብ መፈተሻው) በቺፑ ዙሪያ ስህተት ደረደረብኝ። ወደ 0.1 ሳወርደው ሁሉም ጠፋ፤ አምራቹ ግን ፋይሉን መለሰብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቺፑን ይለኩ። ፓዱ (ፒኑ የሚበየድበት መዳብ) 0.3 ሚ.ሜ. ስፋት ካለው በሁለት ፓዶች መካከል የሚተርፈው 0.2 ብቻ ነው። ስለዚህ የ0.25 ደንብ አንድም ትራክ (የመዳብ መስመር) ሳይሰመር ተጥሷል። ለአንድ ቺፕ ሲባል የመላው ቦርድ ደንብ ሲላላ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለው እውነተኛ ስህተትም አብሮ ያልፋል።

ወደ 0.25 ይመለሱና ከአምራቹ የአቅም ሰንጠረዥ ይነሱ። ዝቅተኛ የትራክ ስፋት፣ ክፍተት፣ ቀዳዳና ከቦርዱ ጠርዝ ያለውን ርቀት ወስደው በቦርዱ ዝቅተኛ ገደቦች ላይ ያስገቡ። አምራቹ 0.15 እችላለሁ ቢልም ቦታ ባለበት ሁሉ 0.2 ወይም ከዚያ በላይ ይጠቀሙ፤ ገደቡ ላይ መሥራት ብልሽት መጋበዝ ነው።

ቀጥሎ ለቺፑ ብቻ የደንብ ክልል (የራሱ ደንብ ያለው ቦታ) ይሳሉና ክሊራንሱን እዚያ ውስጥ 0.15 ያድርጉ። የደንቦቹን ቅደም ተከተል ይጠንቀቁ፤ የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌሮች ይለያያሉ፦ ኪካድ ከሚስማሙት ደንቦች መጨረሻ የተጻፈውን ይወስዳል፤ አልቲየም ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ቁጥር 1 ለተባለው ነው። ኪካድ ላይ ልዩ ደንቡን ከአጠቃላዩ በላይ ከጻፉት የማይሠራ ይመስልዎታል።

የኃይል መስመሩ የራሱ ኔት ክላስ (አንድ ዓይነት ደንብ የሚጋሩ መስመሮች ምድብ) ይኑረው። በ35 ማይክሮን መዳብ፣ በውጭ ሌየር፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር 3 አምፒር ወደ 1.4 ሚ.ሜ. ስፋት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በኪካድ ኔት ክላስ ላይ የሚሞላው ስፋት ትራክ ሲሰመር የሚመረጥ መነሻ እንጂ ገደብ አይደለም። 0.3 ቢያሰምሩም ዲአርሲ ቃል አይተነፍስም። ዝቅተኛውን ስፋት በተጨማሪ ደንብ ይጻፉት፤ ትራኩ ጠቦ ፓድ እንዲገባም የቺፑን ክልል ነፃ ያድርጉ። የጠበበው ክፍል አጭር ይሁን።

ደንብ በቀየሩ ቁጥር የመዳብ ሙሌቱን (የቦርዱን ባዶ ቦታ የሚሸፍነውን መዳብ) እንደገና ሞልተው ዲአርሲ ያስኪዱ፤ አለዚያ የሚፈተሸው በአሮጌው ክሊራንስ የተሞላው መዳብ ነው።

ጥያቄ፦ ቪያዬ (ሌየሮችን የሚያገናኘው በመዳብ የተከበበ ቀዳዳ) ቀዳዳው 0.3፣ የውጭ ዲያሜትሩ 0.4 ሚ.ሜ. ነው። ለምን ተከለከልኩ?

መልስ፦ በዙሪያው የሚቀረው የመዳብ ቀለበት 0.05 ብቻ ስለሆነ ነው። መሰርሰሪያው ትንሽ ከመሃል ቢስት ቀዳዳው ከቪያው መዳብ ይወጣና ግንኙነቱ ይሳሳል ወይም ይበጠሳል። ዲያሜትሩን 0.6 ያድርጉት፤ ቀለበቱ 0.15 ይሆናል።