የውሃ ጥያቄዎቻችሁ፦ ዝናብ እያለ ድርቅ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች የደረሱን ጥያቄዎች ናቸው። ጉዳያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ዝናቡ ከወቅቱ ወጥቷል፣ ምንጩ ቀጥኗል፣ ቡናው አበባውን አርግፏል የሚል ነው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ድርቅ ሲባል የምናውቀው የቦረናና የአፋር ነው። ጅማ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። እዚህ አገር ድርቅ ማለት ምን ማለት ነው? (ከጅማ ከተማ)

የሚያታልለው የዓመቱ ድምር ነው። አፈርን እንደ ጎተራ ይቁጠሩት። ጥልቀት ያለው የጅማ ቀይ አፈር በአንድ ሜትር ውስጥ ለተክል የሚሆን ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል። በፀሐያማ ቀን ተክሉና የአፈሩ ትነት ተደምረው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ያወጣሉ። ስለዚህ የሞላ ጎተራ ምንም ሳይጨመርበት ቢበዛ አንድ ወር ከሳምንት ያስኬዳል። አሁን 90 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአሥር ቀን ተከፋፍሎ ከወረደ አብዛኛው ወደ ጎተራው ይገባል። ያው 90 በአንድ ከሰዓት በኋላ ከወረደ ግን ብዙው አፈሩን ይዞ ወደ አዌቱ ወንዝ ይሮጣል። መዝገቡ ላይ ሁለቱም 90 ተብለው ይጻፋሉ፤ ማሳው ላይ ግን እኩል አይደሉም።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሲዘንብ አጥብቆ ይዘንባል፣ ሳይዘንብ ሲቀር ደግሞ አየሩ ከአፈርና ከቅጠል ውሃ አብልጦ ይመጥጣል። ዕለታዊው ፍጆታ ከ4 ወደ 4.2 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ እንበል። ትንሽ ይመስላል፤ በ30 ቀን ግን 6 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ሄክታር ሲሰላ 60 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 3,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ይህን ማንም ተሸክሞ አይተካውም።

ባለሙያዎች ድርቅን የሚከፋፍሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዝናብ እጥረት አለ፣ የአፈር እርጥበት እጥረት አለ፣ የወንዝና የከርሰ ምድር ውሃ እጥረት አለ። ጅማ የመጀመሪያው ሳይነካት ሁለተኛው ሊያገኛት ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ የክረምት ዝናብ ማነስ ምንጩ ላይ የሚታየው በጥርና በየካቲት ነው። ያኔ ሰው የሚወቅሰው የየካቲትን ፀሐይ ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ዝናብ ጣለ፤ ቡናው በአበባ ነጭ ሆነ። ከዚያ ወር ሙሉ ጠብ ሳይል ቀረ፤ ከፍሬው ብዙው ረገፈ። ውሃ ባጠጣው ኖሮ ይተርፍ ነበር? (ከማና ወረዳ)

ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ጥያቄው ስንቱን ግንድ ማዳረስ ይቻላል የሚለው ነው።

የቡና እምቡጥ በበጋው ድርቀት ተኝቶ ይቆያል። አሥር ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብና አብሮት የሚመጣው ቅዝቃዜ ይቀሰቅሱታል፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈነዳል። አበባው ራሱ የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ፍሬው የክብሪት ራስ አክሎ ለስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያህል ብዙም ሳያድግ ይቆያል። ብዙ ገበሬ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሬው ስላላደገ ውሃ የማይፈልግ ይመስላል። አፈሩ በዚህ ጊዜ ከደረቀ ግን ዛፉ ፍሬውን ጥሎ ራሱን ያድናል። በቀጣዩ የፈጣን ዕድገት ጊዜ ውሃ ካጠረው ደግሞ ፍሬው ባይረግፍም ጠቦ ይቀራል፤ ውስጡ የሚሞላው ጥሬ ቡናም ትንሽ ይሆናል።

አሁን ሂሳቡን እንይ። በ2 በ2 ሜትር የተተከለ ቡና በሄክታር 2,500 ግንድ ነው። ለአንድ ግንድ ከጥላው ሥር 2 ካሬ ሜትር መሬት በ15 ሚሊ ሜትር ማርጠብ 30 ሊትር ይፈልጋል፤ አንድ ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። ለሄክታሩ 75,000 ሊትር ይደርሳል፤ ያውም ለአንድ ዙር። ፓምፕና የማይነጥፍ ወንዝ ከሌለ አይሞከርም። ስለዚህ በጀሪካን ያለችውን ውሃ ለችግኝና አምና ለተተከለው ይስጡ።

ለአዋቂው ቡና የሚሠራው ጥላና ጉዝጓዝ ነው። ጉዝጓዝ በጥር አይነጠፍም፤ በጥር የተነጠፈ ደረቅ አፈር ሸፍኖ ይቀመጣል፣ የመጀመሪያዋን ካፊያም ራሱ ጠጥቶ ለፀሐይ ይመልሳታል። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ያንጥፉ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት፤ ከተጠጋ ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይገባል። ዘር የያዘ ሣር ካነጠፉ በሰኔ አረም እንደ ዘሩ ይቁጠሩት። ለጥላ ሰሳና ዋንዛ ጥሩ ናቸው፤ ጥላው ግን መሬቱን የሚያጨልም አይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ፓምፕ ያለው ሰው በጥር አጋማሽ “ላበርታው” ብሎ ማጠጣት የለበትም። እምቡጡ ያለጊዜው ይቀሰቀሳል፤ አንዴ ከቀሰቀሱት ዝናቡ እስኪረጋ ማጠጣቱን መቀጠል ግዴታ ይሆናል። አበባው በተለያየ ጊዜ ከፈነዳም እሸቱ በአንድ ጊዜ አይቀላም፤ ለቃሚ አራት አምስት ዙር ማስገባት ሊመጣ ነው።

የሰፈራችን ምንጭ በየዓመቱ እየቀነሰ ይመስለናል። ሽማግሌዎች ባህር ዛፉን ይወቅሳሉ፤ ልጆቹ የአየር ንብረት ለውጥ ነው ይላሉ። በምን እንለይ? (ከዴዶ ወረዳ)

“ይመስለናል” የሚለውን በቁጥር ተኩት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓት ያለው ስልክና ደብተር ይበቃል። ውሃው ሁሉ በአንድ ቱቦ እንዲወርድ አድርጉ፤ ጀሪካኑ የሚሞላበትን ሰከንድ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ጻፉ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ሰው ሳይቀዳ በማለዳ ይሁን።

ምሳሌ እንውሰድ። በታኅሣሥ 50 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 0.4 ሊትር ነው። በጥር 67 ሰከንድ ከሆነ ወደ 0.3 ወርዷል፣ ከነበረው ሦስት አራተኛው ቀርቷል። ጤነኛ ምንጭ ዝናብ በሌለበት ወራት የሚቀንሰው በተቀራራቢ ሬሾ ነው፤ ስለዚህ በየካቲት 89 ሰከንድ አካባቢ ትጠብቃላችሁ። ያ ከመጣ ምንጩ የተለመደ አካሄዱን ይዟል፤ በአምናው ደብተር የታኅሣሥ መነሻው ከፍ ያለ ከነበረና ዘንድሮ ዝቅ ካለ ከክረምቱ የገባው ውሃ አንሷል ማለት ነው። መነሻው እንደ አምና ሆኖ በየካቲት ድንገት 140 ሰከንድ ከሆነ ግን ሰማዩን ለጊዜው ተዉትና ከላይ ፓምፕ የተከለ አለ? ቱቦው በሥር ወይም በደለል ተደፍኗል? ብላችሁ ፈልጉ። የባህር ዛፉ ጠባይ ከሁለቱም ይለያል፤ ዛፉ ባደገ ቁጥር በጋ በመጣ ቁጥር ሬሾው ራሱ እየከፋ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹም ልጆቹም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ የሞቀው አየር ዛፉንም አብዝቶ ያስጠጣዋል።

ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ያለውን ባህር ዛፍ አንስታችሁ አገር በቀል ዛፍ ተኩበት። የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከምንጩ ዓይን 8 ወይም 10 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆፈር፤ ዙሪያው ይታጠር። ውሃ የሚያሰርገው እርከን ከዚያም በላይ፣ ራቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ደጋግሞ የሚበላሸው የግንበኛው ሥራ ነው፦ ውሃው “ከፍ ብሎ እንዲወጣ” ተብሎ ቱቦው ከምንጩ ዓይን በላይ ይቀመጣል። ውሃው ወደ ኋላ ይገፋና ሌላ መውጫ ፈልጎ ይጠፋል። ቱቦው ከዓይኑ ዝቅ ማለት አለበት።

ውሃው ለሰው አልበቃ ያለ ቢመስልም መጀመሪያ የሌሊቱን ውሃ አስቡ። በሰከንድ 0.4 ሊትር በቀን 34,560 ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው 25 ሊትር ቢታሰብ ከ1,300 በላይ ሰው ያጠጣል። ሰልፉ የሚረዝመው በሌሊቱ አሥር ሰዓት 14,400 ሊትር ዝም ብሎ ስለሚፈስ ነው። 15 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከሌላ ምንጭ ፍለጋ ይቀድማል።

ኤልኒኖ መጣ ሲባል ለእኛም ድርቅ ነው? (ከሰቃ)

በቀጥታ አይደለም። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ መሞቅ) በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚጎዳው የሰሜኑን፣ የመካከለኛውንና የምሥራቁን የክረምት ዝናብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነው ይኸው ነው፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናንና ሶማሌን በተከታታይ አምስት ወቅት ዝናብ ያሳጣቸው ድርቅ ደግሞ ከላኒና (ከዚያው ውቅያኖስ መቀዝቀዝ) ጋር የተያያዘ ነው። በተቃራኒው በ2019 የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ ምሥራቅ አፍሪካ በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ስሙን ሰምቶ ከመፍረድ የራስን ወቅታዊ ትንበያ መጠበቅ ይሻላል።

ግልገል ግቤ ግድብ በክረምት ሲሞላ እናያለን። ታዲያ የመብራቱ ስጋት ከምን ይመጣል? (ከሶኮሩ)

ግልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከሥሩ ያለው ግቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ቢሆንም የራሱ ትልቅ ማጠራቀሚያ የለውም፤ ከአንደኛው የወጣውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተቀብሎ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የላይኛው ኩሬ ሲጎድል ጉድለቱ ሁለት ጣቢያ ላይ ይቆጠራል። ከታች 1,870 ሜጋ ዋቱ ግቤ ሦስት ሰፊ ማጠራቀሚያ ስላለው የአንድ ዓመትን ክፉ ክረምት ያለዝባል፤ ሁለትና ሦስት ሲደራረብ ግን እሱም ይጨነቃል። የኦሞ ውሃ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ እጅግ የሚበዛውን የሚያመጣለት ኦሞ ስለሆነ ጅማ ዙሪያ የጎደለው እዚያ ድረስ ይሰማል።

የሞላ መስሎ የሚያታልለው ደለል ነው። የተራቆተ ተዳፋት ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ ከባድ ዝናብ ሲያገኘው አፈሩን ይለቃል፤ ኩሬው ውስጥ የተኛው አፈር የውሃን ቦታ ይይዛል። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ከፍታውን እንጂ ጥልቀቱን አያይም። በተፋሰሱ ጎርፍና ድርቅ ጠላት አይደሉም፤ በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. የታችኛው ኦሞ ጎርፍ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፣ ያው ተፋሰስ በሌላ ዓመት ይጠማል።

አጋሮ ያለነውስ? (ከጎማ ወረዳ)

እናንተ በውሃ ከጅማ ጋር አንድ ቤት አይደላችሁም። የጎማ ውሃ በዴዴሳ አድርጎ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ የጅማ ከተማው ግን በግልገል ግቤ ወደ ኦሞ። የግቤን ኩሬ ከፍታ እየሰማችሁ የራሳችሁን ወንዝ አትገምቱ።

በተማሪ ቤት ለዝናብ ልኬት ርካሽ መሣሪያ መሥራት ይቻላል? ለድርቅ ስሌትስ ያገለግላል? (ከአንድ መምህር)

ይቻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ሥር ይቁረጡ፤ የተቆረጠውን ገልብጠው እንደ ማጥለያ ይክተቱበት። ታችኛው ክፍል ጎርባጣ ስለሆነ በጠጠርና በውሃ ሞልተው ቀጥ ያለው ጎን በሚጀምርበት ላይ ዜሮ ያስምሩ፤ ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው። ከዛፍና ከቤት በከፍታቸው እጥፍ ያርቁት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንብበው ውሃውን እስከ ዜሮው መስመር ይድፉ፤ ዝናብ ባይኖርም “0” ተብሎ ይጻፍ። ባዶ የተተወ ቀን ዜሮ ይሁን ያልተለካ ማንም አያውቅም፤ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው በዚህ ነው።

ኤስፒአይ የሚባለው የድርቅ መለኪያ (ዝናቡ ከብዙ ዓመት አማካዩ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር፤ 0 አማካዩ ነው) ግን ቢያንስ የ30 ዓመት መረጃ ይፈልጋል። ከ-1 በታች መካከለኛ፣ ከ-1.5 በታች ከባድ፣ -2 እና ከዚያ በታች እጅግ ከባድ ድርቅ ነው። ተማሪዎቹ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ቺርፕስ የተባለ የሳተላይት መረጃ ወስደው የራሳቸውን ጠርሙስ ማነጻጸሪያ ሊያደርጉት ይችላሉ። የአንድ ወር ስሌት በታኅሣሥና በጥር አይመኑት፤ አማካዩ ራሱ ትንሽ ስለሆነ አንዲት ካፊያ “በጣም እርጥብ” ታስብለዋለች። የሦስት ወሩ ለማሳ፣ የአሥራ ሁለት ወሩ ለወንዝና ለግድብ ይሆናል። ኤስፒአይ ሙቀትን አይቆጥርም፤ ትነትን የሚጨምረው ወንድሙ ኤስፒኢአይ ነው፣ ሁለቱ የሚራራቁበት ዓመት ዝናቡ ሳይጎድል አፈሩ የደረቀበት ዓመት ነው።

ጠርሙሱን በየሳምንቱ ይጠቡት፤ አረንጓዴ ካበቀለ መስመሩ አይነበብም።