አንጎልን ተዪውና ከማማሰያው ጀምሪ

በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ እንደሆንሽ የጻፍሽልን እህታችን፣ ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። አያትሽ ፓርኪንሰን አለባቸው፤ ሲኒ ይዘው ቡና ሳያፈሱ መጠጣት አቅቷቸዋል። አንቺ በናኖ ቅንጣቶች (በዓይን በማይታዩ እጅግ ደቃቅ ብናኞች) መድኃኒት ወደ አንጎል የሚደርስበትን መንገድ አንብበሽ ሙያዬ ይሁን ብለሻል። ቤተሰብሽ መርካቶ ካለ መድኃኒት ቤት ተቀጠሪ ይላል።

መራራውን ላስቀድም። እስካሁን ለፓርኪንሰንም ሆነ ለአልዛይመር በናኖ ቅንጣት ተጭኖ ለሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ያነበብሽው አብዛኛው ከአይጥና ከሕዋስ ሳህን አላለፈም። ችግሩ በሩ ነው። የአንጎል የደም ሥሮች ሕዋሳት እርስ በርስ ጥብቅ ሆነው ስለተሰፉ አብዛኛው መድኃኒት ውጭ ይቀራል። ቅንጣቶችን ፖሊሶርቤት 80 በሚባል ዘይትና ውሃን በሚያዋህድ ንጥረ ነገር የሚለብጡ ተመራማሪዎች ብልሃታቸው ይገርመኛል፤ ቅንጣቱ ከደም ውስጥ አፖሊፖፕሮቲን ኢ የተባለውን ፕሮቲን ለብሶ፣ ስብ ተሸካሚ መስሎ ያልፋል። ሆኖም በደም ሥር ከተወጋው የሚበዛውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል።

ስለዚህ የአንጎል ተመራማሪ ልሁን ብለሽ አትነሺ። አንቺ የመድኃኒት ባለሙያ ነሽ፤ ድርሻሽ ቅንጣቱን መሥራትና መለካት ነው። ይህንንም በመመረቂያ ጥናትሽ መጀመር ትችያለሽ። ፒኤልጂኤ የሚባለው ፖሊመር ውድ ነው፣ እሱን ተዪው። ካይቶሳንን (ከሽሪምፕና ከመሰል ቅርፊት የሚሠራውን ፖሊመር) በቀጭን አሴቲክ አሲድ አሟሚ፤ ማግኔታዊው ማማሰያ እየዞረ ሶዲየም ትራይፖሊፎስፌት የሚባለውን አያያዥ ጨው ጠብ ጠብ አድርጊበት። ፈሳሹ ጥርት ያለ ከሆነ ገና ነው፤ ነጭ ዝቃጭ ከወረደ አብዝተሻል። በመካከል ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ጭጋግ ሲታይ ቅንጣቱ ተሠርቷል። (መብራት ጠፍቶ ማማሰያው ከቆመ ያንን ናሙና ጣይው። አጋጥሞኛል፤ ልሸፋፍነው ብዬ አንድ ወር ከስሬበታለሁ።) ከዚያ በሴንትሪፉጅ አጣሪና በቅንጣቱ ያልተያዘውን መድኃኒት በዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር (በብርሃን መጠኑን በሚለካ መሣሪያ) ለኪ፤ መጀመሪያ ከጨመርሽው ጠቅላላ መድኃኒት ስትቀንሺ የተጫነውን ታገኛለሽ። የቅንጣቱን መጠን የሚለካው መሣሪያ በአቅራቢያሽ ከሌለ፣ ናሙና የሚቀበል ላቦራቶሪ እንዲያገናኝሽ አማካሪሽን ገና ርዕስ ስትመርጪ ጠይቂ፤ በመጨረሻው ወር አይሆንም።

ዩኒቨርሲቲያችሁ የመድኃኒት ጥራት ላቦራቶሪ አለው። እዚያ ኤችፒኤልሲ (በድብልቅ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ከሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ጎን ለመቆም ፈቃድ ለምኚ፤ ትልቁ ሀብትሽ እሱ ነው። ለማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሱቲክስ (የመድኃኒት አሠራር ትምህርት) ያስተምራል። ውጭ ላለ ፕሮፌሰር ስትጽፊም የአያትሽን ታሪክ በአንድ መስመር፣ የለካሽውን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ አድርጊው። ሁለተኛውን ነው የሚያነቡት። የናኖው መንገድ ቢዘጋ እንኳ ይኸው እጅ ክኒንና ሽሮፕ ቀማሚ ፋብሪካ ያስቀጥርሻል።

መድኃኒት ቤቱንም አትናቂው። አንድ ዓመት ሠርተሽ ለማመልከቻና ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ብታጠራቅሚ ማን ይከስሻል?

አያትሽ ሌቮዶፓ የሚባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ የምትሠሪው አለ። ሌቮዶፓ ወደ አንጎል የሚገባው በአሚኖ አሲዶች (በፕሮቲን መሥሪያዎቹ) በር ስለሆነ ሥጋና ሽሮ የበዛበት ማዕድ ይሻማዋል። ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢወስዱ ይስማማቸው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂላቸው።